ለደብዳቢ ምትክ ሠራተኛ ስለመላክ

እጅግ ለተከበሩት የውጭ አገር ሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፦

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ክቡርነትዎ አጥንትዎ ሳይሰበር፣ ቆዳዎ ሳይላጥ፣ ጥርስዎም አንድ ሳይጎድል እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ ሙሉ አካል ምን ያህል ውድ እንደሆነ በቅርቡ ቤቴ ውስጥ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

እኔ በመሥሪያ ቤትዎ ፈቃድና ማኅተም ሰው ቤት ልትሠራ ባሕር ማዶ የሄደች ልጅ አጎት ነኝ። እናቷ ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ስለሆንኩ ልጄ ብዬ ብጠራት ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። በአደባባይ መጻፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በበርዎ በኩል በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ ምናልባት ስብሰባው ላይ ጋዜጣ ይነበብ ይሆናል ብዬ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጪው እሑድ ሌላ ልጅ፣ የእኔን ልጅ ወደሰባበረው ቤት ልትበር ነውና ፊርማዎን ያንሱልኝ። ከዚያ በፊት ግን ውለታ የማልረሳ ሰው ነኝና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ፈጣን ማጣራትዎ። ልጄ አሠሪዋ በኤሌክትሪክ ገመድ እንደምትገርፋት፣ ሲከፋትም ጭንቅላቷን ከማቀዝቀዣው በር ጋር እንደምታላትም በሹክሹክታ ደውላ ነገረችኝ። የደወለችው በልብስ ሳሙና ዱቄት ከረጢት ውስጥ በደበቀችው ስልክ ነበር። የአቤቱታ ደንባችሁ ወሬው በምን መንገድ እንደተገኘ ይገለጽ ስለሚል፣ ይህንኑ ገልጬ ለጉዳይ አጣሪዎ አስረከብኩ። ባለጉዳይ ሁሉ «ይስተናገዳል» የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት ይህ አጣሪዎ፣ «ጋሼ፣ እኛ የአንድ ወገን ወሬ ይዘን አንፈርድም» ብሎ እዚያው ፊቴ ለአሠሪዋ ደወለ። አቤቱታዬንም በሴትዮዋ ቋንቋ አነበበላት፤ ገመዱንም፣ የማቀዝቀዣውንም በር፣ የሳሙናውንም ከረጢት አንዲት ቃል ሳይዘል እንዳነበበላት የተረዳሁት በኋላ ከልጄ ነው። ቀጥሎ ልጄ እንድትቀርብ ጠየቀ። የሴትዮዋ ትንፋሽ ከአጠገቧ እየተሰማን ልጄ «ደህና ነኝ፤ እንደ እናቴ ናት» አለች። አጣሪዎ ስልኩን ዘጋና «አዩ ጋሼ? ሰው ከቤቱ ሲርቅ ሆደ ባሻ ይሆናል» ሲል አጽናናኝ።

እሱ እኔን ሲያጽናና ሴትዮዋ ከረጢቱን ዘርግፋ ነበር። በስልኩ ጠርዝ የልጄን የፊት ጥርሶች አራገፈች። ከዚያ ያቺን የደወለችበትን እጅ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በጋለ ካውያ ተጭና ያዘቻት። ቆዳው ከብረቱ ጋር ተላጦ ሲነሳ፣ ባልየው ሽታው ስለከበደው ተነስቶ መስኮት ከፈተ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ጅቡን በስልክ ጠርቶ በመጋበዝ ተረቱን አሻሽሎታልና አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ምክርዎ። የሆነውን እዚያው የአሠሪዋ ጎረቤት ቤት ከምትሠራ ልጅ እንደሰማሁ ወደ እርስዎ ስሮጥ፣ ደረጃው ላይ ለአንድ አፍታ አግኝቼዎት ነበር። መኪናዎ ቆሞ እየጠበቀዎት ስለነበር ሳይቆሙ «እግርና እግርም ይጋጫል» አሉኝ። አባባሉ ድንቅ ነው። የልጄ ፊት ግን እግር አይደለም።

በማግስቱ ሴትዮዋ የፈላ ውሃ ይዛ ስትመጣባት ልጄ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ዘለለች። ከታች የቆመ መኪና ጣሪያ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ደቀቀ። ደሟ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ ያየ የጎረቤት ሾፌር አፋፍሶ ሐኪም ቤት አደረሳት፤ አሠሪዋ ግን ከላይ ሆና የምትጮኸው ስለ መኪናዋ ጣሪያ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ለዚህ ዝላይ የሰጠው ስም «ከሥራ ገበታ ያለ ፈቃድ መለየት» የሚል ነው። እውነትም ፈቃድ አልጠየቀችም። አየር ላይ ሳለች ማመልከቻ መጻፍ ሲገባት ዝም ብላ ወደቀች፤ የዛሬ ልጆች ሥርዓት የላቸውም።

3ኛ. ስለ ምትኩ። ውላችሁ እንደ ቴሌቪዥን ዋስትና እንዳለው አላውቅም ነበር። ለካ ሠራተኛዋ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ከጠፋች ወይም ከተበላሸች አሠሪዋ ሌላ ይላክላታል። ሴትዮዋ ጠየቀች፤ እርስዎም የልጄ ጄሶ ሳይደርቅ ፈረሙላት።

ያወቅሁት እንዲህ ነው። ወደ አገሯ የተመለሰችውን ልጄን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቼ የሐኪም ማስረጃ ላስገባ መጥቼ መተላለፊያው ላይ ወረፋ ስንጠብቅ፣ አጠገባችን የተቀመጠች አንዲት ሳቂታ ልጅ ደላላው የላከላትን የአሠሪዎቿን ፎቶግራፍ አሳየችን። «ደግ አይመስሉም ጋሼ?» አለችኝ። ልጄ አጎንብሳ ፎቶውን አየች። ሽንቷ ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ይወርድ ጀመር። ያ አጣሪዎ በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየና የጽዳት ሠራተኛ ጠራ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ እንጂ አንገት ይዤ አላውቅም። ያን ዕለት ግን እጆቼ የአጣሪዎ አንገት ላይ መሆናቸውን ያወቅሁት ጥበቃዎቹ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሲያላቅቁ ነው። ስለተበጠሰው የሸሚዙ ቁልፍ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ አንገቱ አልጠይቅም፤ ሐኪም እንዳየው ሰምቻለሁ፣ በዚያው ቀንም ሥራ ገብቷል።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። የእሑዱን ጉዞ ለማስቀረት ጦር አያስፈልግም፤ አዋጅም አያስፈልግም። የፈረሙበት እጅዎ ጤነኛ ነው፤ አምስቱም ጣቶች ይታጠፋሉ፤ ብዕር ያነሳሉ። አንድ መስመር ይሰርዙ። ካልሰረዙ ግን ያቺ ልጅ ስትመለስ፣ በወንበርም ትመለስ በሣጥን፣ ወደ ዘመዶቿ አልወስዳትም። ቢሮዎ ድረስ አምጥቼ የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣታለሁ።

የአክብሮቴን ጥልቀት መለኪያ መሣሪያ በመሥሪያ ቤትዎ እንደማይገኝ በመረዳት፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ያልኩትም ልጄን ከወንበር ወደ አልጋ ለማንሳት ስለሆነ በዚያው እጅ ነስቼዎት እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
ሙሉ ልጅ ልኮ ስብርባሪ የተረከበ አጎት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ያቺን ሳቂታ ልጅ ፈልጌ ቤቴ አመጣኋትና የልጄን እጅ ገልጬ አሳየኋት፤ እንዳትሄድም ለመንኳት። ብዙ አለቀሰች። «ቤታችንን ሸጠን ነው ጋሼ፤ ወዴት ልመለስ?» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ልጄ ዞረችና «እህቴ፣ በየትኛው እጇ ነው የምትመታው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄም የፊት ጥርስ በሌለው አፏ «በቀኟ ነው። በግራዋ በኩል ቁሚ። ካውያ ሲግል ደግሞ ጀርባሽን እንዳትሰጫት» አለቻት። ፊርማዎን የማያነሱ ከሆነ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በሰፊው በሚያስተምረው የቅድመ ጉዞ ሥልጠናዎ ላይ ይህችን ትምህርት ይጨምሩበት። አስተማሪዋ አለች፤ ቆማ ማስተማር ግን አትችልም።