በአንድ ከረጢት ስለተቀላቀሉት ሁለት ማስታገሻዎች

ለክቡር አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ
የነጭ አምባ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከማንኛውም ስለት ርቀው እንዲያገኝዎ እየተመኘሁ፣ እስከ ኅዳር ድረስ የማዕከልዎ ፋርማሲስት የነበርኩት እኔ አልጣሽ ገዱ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፤ ከቀዶ ሕክምና ለወጡ ሕመምተኞች ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክን ለየብቻ ከማዘጋጀት ድካም ስለገላገሉን አመሰግናለሁ። ሁለቱ በደም ሥር በሚሰጥ አንድ የግሉኮስ ከረጢት ሰኞ ጠዋት ተቀላቅለው እስከ እሑድ እንዲያገለግሉ በፊርማዎ አዘዋል። ተቀላቅለው ስንት ሰዓት ሳይበላሹ እንደሚቆዩ ማስረጃ ብጠይቅዎ፣ «ደባርቅ ብርድ ነው፤ ምን ያበላሸዋል?» ብለው የአገሩን አየር ምስክር አቁመውልኛል።

፪ኛ፤ ሐሙስ ዕለት ከረጢቶቹ ውስጥ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ዘቅጦ ባገኝ ሁሉንም ደፋኋቸው። ለዚህ ጥፋቴ በማግሥቱ ወደ ዳባት ቅርንጫፍ አዛውረው አየር እንድቀይር ስላደረጉኝ ውለታዎ አለብኝ።

፫ኛ፤ በተከታዩ ሳምንት የደረስጌው ገበሬ አቶ ኪዳኑ አጨዳቸውን ሳይጨርሱ አንጀታቸው ታጥፎ መጡና በማዕከልዎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሰኞ የተቀላቀለው ከረጢት ዓርብ ተሰቀለላቸው። ልጃቸው ሰብሌ እንደነገረችኝ፣ መድኃኒቱ እየወረደ ሕመሙ አልበረደም፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው ዋሉ። ክንዳቸው ከመርፌው እስከ ብብታቸው ቀልቶ ሲያብጥ «ልጄ፣ ሆዴንስ ረሳሁት፤ እጄን አቃጠለኝ» አሏት። ነርሷ ልትነቅለው ብትል፣ ከረጢቱ ሳያልቅ እንዳይነቀል መመሪያዎ ይከለክላል። እርስዎም በዚያ ሲያልፉ «ገበሬ አይደሉም እንዴ? ቻል ያድርጉት እንጂ» ብለው አጽናንተዋቸዋል።

አቶ ኪዳኑ ተርፈዋል። ጎንደር ተወስደው ክንዳቸው ተከፍቶ መግሉ ወጣ፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን ዛሬም ማጭድ አይጨብጡም። ሰብሌ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «ለስንት ሰው ተሰቅሏል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መልሱን እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ግን ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

ሥራ ለማቅለል ላለዎት ጥበብ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የተኙብዎ ሕመምተኞችም ዕረፍትዎን እንዳይረብሹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያቃስቱ እየለመንኩ፣

ታዛዥዎ
አልጣሽ ገዱ
ዳባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ የላኩልን ከረጢቶች ደርሰዋል፤ የተቀላቀሉበት ቀን አልተጻፈባቸውም። የመላኪያው ወረቀት ሃያ ይላል፤ የተረከብኳቸውና የቆለፍኩባቸው አሥራ ሁለት ናቸው። ሹፌሩ ስምንቱን መንገድ ላይ ለጠየቁት ክሊኒኮች አድሏል፤ ለየትኞቹ እንደሆነ ግን አያስታውስም።