የማኅበርዎ ደንብ ዳላስ ገባ

ዳላስ፣ ጥቅምት 1987 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ወለተጊዮርጊስ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። አረጋሽ ነኝ፤ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ከልጅዎ ከሰርካዲስ ጋር አንድ አፓርትመንት የምኖረው። ይህን ስጽፍ እሷ አታውቅም፤ ብታውቅ ትቀማኝ ነበር። «ሥራው ይብቃሽ፣ አግቢ» ብለው የላኩላትን ደብዳቤ አንብባ ቅር አላት፣ ግን አጥፋ አስቀመጠችው። እሷ ጨዋ ናት። እኔ አይደለሁም!

ልጅዎ ስልክ የሚያገናኙ ኮምፒውተሮችን የሚያዝ ፕሮግራም ነው የምትጽፈው። በዚያ መሥሪያ ቤት ከእሷ በፊት ይህን የሠራች ሴት የለችም። ችግሩ ምን መሰለዎት፣ ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት በተራ ነው፤ ተረኛው ከተበላሸ ሌሎቹ እሱን ሲጠብቁ ተገትረው ይቀራሉ፣ ስልኩ ሁሉ ጸጥ ይላል። መላ ጠፋለት። አንድ እሑድ ታዲያ ሽንኩርት እየከተፈች «አረጋሽ! የእማዬ ማኅበር እኮ ቆሞ አያውቅም!» ብላ ጮኸች። ቢላዋውን ጥላ ወረቀት ፍለጋ ሮጠች። ወጡን እኔው ጨረስኩት።

ተረኛዋ ስትታመም እርስዎ «ጽዋው አይቆምም» ብለው ለቀጣይዋ ያሳልፉት ነበር አሉ፤ ስትድን ደግሞ ተራዋ ይመለስላታል። ሰርካዲስ ይህንኑ ለኮምፒውተሮቹ ደንብ አድርጋ ጻፈችው።

አለቃዋ «ኦኬ፣ ሐሙስ ይሞከራል። ካልሠራ ሥራው ለሌላ ቡድን ይሰጣል» አላት። ይባስ ብሎ ሙከራውን ሊያዩ ለሚመጡት እንግዶች የሚያስረዳው ማይክ የሚባል ባልደረባዋ ይሁን አለ። የኛ ጨዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? «የጻፍኩት እኔ፣ የምቆመውም እኔ!»

መኪናዋ አልነሳ ብላ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ፓርክ አድርጌ ገብቼ ከሙከራው ክፍል መስታወት ወዲህ ተቀመጥኩ። ሰርካዲስ በእጇ የተረኛውን ኮምፒውተር ገመድ መዘዘችው። ካልሠራ የሷ ነገር አበቃ! ሌሎቹ ግን ተራውን ተቀባብለው ቀጠሉ። ሁለተኛውን መዘዘች፤ ቀጠሉ! እልልታዬን ለቀቅኩት። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ «ማዳም፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። «እህቴ ድል አደረገች!» አልኩት።

አንድ ሽበታም እንግዳ ይህን ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። «ከእናቴ» አለች፣ ቀና ብላ። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። በማግሥቱ የቡድኑ አለቃ አደረጓት፤ ማይክም አሁን እሷን ሳያስፈቅድ ንክች አያደርግም።

እናም እትዬ፣ ለጥምቀት ፈቃድ ወስዳ እርስዎ ዘንድ ትመጣለች። ባል ይዛ አይደለም። ቢሆንም አደራዎን፣ ድንኳን ይጣሉላት፤ ዘመድ አዝማድ ይጠራ። ጎረቤት «ሙሽራውስ የታለ?» ካለ፣ «የጠራኋችሁ እሷን እንድታዩ ነው» ይበሉልኝ።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ፣
አረጋሽ