በዳኛ ፊት መጋደም

ኅዳር 3 ቀን 1973፣ ረቡዕ
ከችሎት በኋላ ወደ ቀበሌው አዳራሽ፣ እንደ ወትሮው፤ ለትከሻዬ ሕመም። ሁለት ዓመት ዮጋ ያስተማሩን ህንዳዊው የሒሳብ መምህር፣ ሚስተር ናያር፣ ውላቸው አልቆ በታኅሣሥ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ክፍሉን የሚረከበው ለማስተማር ከሠለጠንነው ከሁለታችን አንዳችን ነው፤ ወይ እኔ ወይ ወይዘሮ ኮከቤ፣ የፍርድ ቤታችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ። በየተራ አንድ አንድ ቀን እናስተምራለን።
ጓድ ሙለታ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ እጄን ጨብጦ... «ክቡር ዳኛ፣ ማን እንደሚሻል እርስዎ በጽሑፍ ይወስኑልን። ፍርድ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»
እኔ ራሴ ተወዳዳሪ መሆኔን ረሳው? እኔም አላሳሰብሁትም። ለምን?

ኅዳር 10
የመጀመሪያ ትምህርቴ። ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፌ ያዝሁ። ስገባ አሥራ አንዱም ተማሪዎች ብድግ አሉ። ክንድ ማንሣቱ፣ ጎንበስ ማለቱ መልካም ሄደ። በመጨረሻ «በጀርባችሁ ተጋደሙ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልሁ። ማንም አልተነቃነቀም።
ወይዘሮ ትርንጎ፣ የአብነት ሰፈሯ ባለሱቅ፦ «እንዴ! ክቡር ዳኛ ቆመው እኔ እግሬን ልዘርጋ? ነውርም አይደል?»
አቶ መሐሙድ፣ የጌጃ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ፦ «ጌታዬ፣ ቁጭ ብለን እንረፍ። ቁጭ ማለትም እኮ እረፍት ነው።»
ቁጭ ብለው አረፉ። ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ... ቃሉን ሊሰጥ እንደ ተጠራ ምስክር እየተመለከቱኝ።

ኅዳር 17
የኮከቤ ተራ። ከውጭ ሆኜ በመስኮት ተመለከትሁ። ወረቀት አልያዘችም። «በሉ እንግዲህ፣ ዘፍ በሉ!» አለች። ዘፍ ብለው ተጋደሙ። ትርንጎ ጫማዋን አሽቀንጥራ «ኮከብዬ፣ በዚያው እንዳልቀር ቀስቅሺኝ!» መሐሙድ አንኮራፋ። «የስፌት መኪናውን ይዞት መጣ!» አለ አንዱ። ኮከቤም አብራ ሳቀች። በእኔ ቀን ሰዓታቸውን ሲያዩ የነበሩት ሚስተር ናያር እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመዋል።
ቀናሁ። በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ መስኮት ሥር ቆሜ፣ በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቀናሁ።

ኅዳር 19
አስተያየቱን ጻፍሁ። «ዕድሜ፣ ልምድና የኃላፊነት ስሜት ሲመዘኑ...» ይግባኝ የማይባልበት አማርኛ። ስሜን ሳልጠቅስ ለራሴ ፈረድሁ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

ኅዳር 22
ኮከቤ መዝገብ ይዛ ቢሮዬ ገባች። «ክቡር ዳኛ፣ ያንን ወገብ ማዞር ከየት እንደሚጀምሩት ቢያሳዩኝ? እኔ ሁልጊዜ ይጠፋኛል።» ከልቧ ነበር። ያልፈረምሁት አስተያየት መሳቢያዬ ውስጥ ነው... አሳየኋት። ስትወጣ ቀደድሁት።
ደግነት ነው? አይደለም። ሌላ ዳኛ በራሱ ጉዳይ ቢፈርድ ከወንበሩ ይነሣ ባይ ነበርሁ።
ወደ ሙለታ ሄድሁ። «በዚህ ጉዳይ ባለጉዳይ ነኝ፤ መፍረድ አይገባኝም።»
«ታዲያ ማን ይፍረድ?»
«ተማሪዎቹ።»
ሳቀ። «ክቡር ዳኛ፣ ይሸነፋሉ እኮ!»
ለካ እሱም ያውቃል!

ኅዳር 24
ለኮከቤ አሥራ አንድ እጅ ወጣ። እኔም አነሣሁ፤ ከሁሉም በኋላ።

ታኅሣሥ 8
ሚስተር ናያር ሄዱ። ሰሌኔን ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በትርንጎና በመሐሙድ መካከል ዘረጋሁ። ኮከቤ በመካከላችን ስታልፍ አጠገቤ ቆመች። «ጋሼ፣ ትከሻዎን ጣል ያድርጉት» ብላ በሁለት ጣት ነካችኝ። ሁለት ዓመት ስፈልገው የኖርሁትን የሕመሜን ቦታ፣ በአንድ ጊዜ... እንዴት አወቀችው?
ጣል አደረግሁት። በዚህም ቀናሁባት፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ።