ግራጫ ያልኩት ካፖርት

ይድረስ ለእህቴ ለቫልቡርጋ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ መሰላል እንዳትወጪ ሲልሽ እሺ አልሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ሳቅሽበት? ባልሽ ኦራሲዮ ከሳሉ ተሻለው? ልጅሽ ኢልዘስ በሰላም ተገላገለች? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። በሌላው ግን ደህና አይደለሁም፤ ባለፈው ደብዳቤዬ «እዚህ ሁሉ ሰላም ነው» ያልኩሽን እውነት አድርገሽ አትውሰጂው።

ሚስቴ ሄርሚነ ጓደኛዋ ኖትቡርጋ ከሞተች ወዲህ የእሁድ ካርታ ጨዋታዋን ትታለች። ቤት ትቀመጣለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ሲጠይቋት አንድ ቃል መልሳ ዝም ትላለች። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ከመጽሐፍ ካላገኘሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ሰፈራችን ባለው የማታ ትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ለመማር ተመዘገብኩ። አስተማሪያችን ወይዘሮ ዶክተር ፒችለር በየሐሙሱ የሚያስተምሩን የዚህ ትምህርት ሊቃውንት የሰውን ልብ በመረዳት በምን በምን እንደሚለያዩ እያነጻጸሩ ነው።

እኔ ሁሉንም የተረዳሁት በሙያዬ ነው፤ ዕድሜ ልኬን የሰው ቤት ምድጃ ስገነባ ኖሬያለሁና። ምድጃ ሲጨስ አንዱ ግንበኛ መሠረቱን ይቆፍራል። እነዚያ ልጅነትን የሚቆፍሩት ናቸው፤ ሰውን የሚያጨሰው ቀብሮ የረሳው ነገር ነው ይላሉ። ሌላው ውስጡን ጨርሶ አይከፍትም፤ ምን እንጨት ሲገባ ምን ጭስ ይወጣል ብሎ ከውጭ ያያል። ሰውን የሚሠራው ሽልማትና ቅጣት ነው የሚሉት እነዚያ ናቸው። አየሩ የሚሄድበትን መንገድ የሚከተልም አለ፤ ሐሳብ ሲጣመም ስሜትም ይጣመማል ባይ ነው። ጡቡንና ጭቃውን የሚመረምረው ደግሞ ነገሩ አንጎል ውስጥ ነው፣ መድኃኒት ስጡት ይላል። ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ «መንደድስ ራሱ ይፈልጋል፣ እናንተ ብቻ አታፍኑት» የሚልም አልጠፋም። ይህን የመጨረሻውን ሰነፉ ግንበኛ አልኩት። ወይዘሮ ዶክተር ሳቁ፤ እኔም ኮራሁ።

ክፋቱ፣ ሐሙስ የተማርኩትን ዓርብ በሄርሚነ ላይ እሞክረው ነበር። ስለ አባቷ ብጠይቃት «አባቴ በሰላም ይረፍበት፣ ተወው» አለችኝ። እሁድ ካርታዋን ልትጫወት ከሄደች የለውዝ ኬክ እንደምገዛላት ብነግራት «ደግሞ ውሻ አደረግኸኝ?» አለችኝ። ሐሳቧ የተጣመመበትን ቦታ ላሳያት ስጀምር ተነሥታ ድንች መላጥ ያዘች።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ወይዘሮ ዶክተር አንድ ሰው ምሳሌ ያምጣና ሁሉንም እናነጻጽርበት አሉ። ተነሣሁ። «አንዲት የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት አለች» ብዬ ጀመርኩ። ለብቻዋ ማልቀሷን፣ የሟች ጓደኛዋን ጓንት ትራስ ሥር ማኖሯን፣ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት፤ እነዚህኞቹ እንዲህ ይሏታል፣ እነዚያኞቹ እንዲያ ይሏታል እያልኩ። ጡረተኛው ፖስተኛ ዘድላቼክ «ኧረ ባሏ እንዴት ቻላት!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ቫልቡርጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቀና ስል ሄርሚነ ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። መነጽሬን ረስቼ ስለወጣሁ በዚያ በረዶ ይዛልኝ መጥታ ኖሯል። በወንበሮቹ መሀል አልፋ ፊቴ አስቀመጠችልኝና «መነጽርዎን ረስተዋል፣ ጌታዬ» አለችኝ። ዘድላቼክ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ መስላው «እሜቴ፣ እግረ መንገድዎን ያንን መስኮት ቢዘጉልን» አላት። ዘጋችውና ወጣች። ሚስቴ ናት ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ መነጽሬን ጠረግሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እርስዎ ትለኛለች። «ሾርባዎ ይቀዘቅዛል።» «ቁልፍዎን ይያዙ።» እኛ ዘንድ አንተ አንቺ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ወደ እርስዎ ከተመለሱ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እናታችን አጎታችንን ከተጣሉ በኋላ እርስዎ እንዳለችው ነው መቃብር የወረደችው። እኔስ ምን አደረግሁ? ይቅርታ እንደመጠየቅ፣ ይህ እርስዎ በየትኞቹ ሊቃውንት ትምህርት እንደሚፈታ መጽሐፍ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ ክፍሉ ፊት ቆሜ «ያቺ የነገርኳችሁ ሴት ሚስቴ ናት፤ መስኮቱን የዘጋችላችሁም እሷ ናት» አልኩ። የሳቀ የለም። ዘድላቼክ አንገቱን ደፋ። ቤት ገብቼ ይህንኑ ለሄርሚነ ነገርኳትና ይቅር በይኝ አልኳት። «ሰምቻለሁ፤ ራትዎን ይብሉ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ ሰነፉን ግንበኛ ሆኛለሁ። ትናንት ሳልጠይቃት፣ ኖትቡርጋ በተቀበረች በሳምንቱ የካርታ ጓደኞቻቸው የሟቿን ወንበር ለሌላ ሴት እንደሰጡባት ነገረችኝ። ስትነግረኝም እርስዎ እያለች ነው።

ኦራሲዮን ማር በሙቅ ወተት ይጠጣ በይልኝ። ኢልዘን ተገላግላ ከሆነ እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት፤ ሕፃኑንም ግንባሩን ሳሚልኝ። ለጎረቤትሽ ለአሮጊቷም ሰላምታዬን አድርሺ።

ልፈርም ስል ሄርሚነ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ አየኋት። ወረቀቱን አልሸፈንኩባትም። እስከ መጨረሻው አነበበችና ጣቷን ወደ ላይ መልሳ አንድ ቃል ላይ አኖረች። «ካፖርቴ እኮ አረንጓዴ ነው። አንተ መቼ አይተህ ታውቃለህ!» አለችኝ።

አንተ አለችኝ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ቃሉን አልሰረዝኩትም፤ ግራጫ እንዳለ ይቆይ። አንቺ አረንጓዴ ብለሽ አንብቢው።

ወንድምሽ ኮርቢኒያን
ቪየና፣ መጋቢት 2 ቀን 1974