አያድርም፣ ይውላል

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ለልጄ እናት፣

«ትእዛዙ እንዳያድር ነው የሚለው። እሱ ሌሊት ሥራ ላይ ነው። አያድርም፣ ይውላል። ስለዚህ ልጅቷን እሑድ በሰዓቱ መልስ።»

ትናንት ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ፣ ከአንቺ ስልክ የደረሰኝ መልእክት ይህ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከተፋታን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ በሦስቱ ዓመት ብዙ የሚያናድድ ነገር ጽፈሽልኛል፤ እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም። አራት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የማርመውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጥዬ ከማተሚያ ቤቱ ወጣሁ። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳወራ አንዲት ሴትዮ ልጇን ሳብ አድርጋ ወደ ማዶ ተሻገረች።

እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ ቅደም ተከተል ካልያዝኩ መናደድ እንኳ በቅጡ አይሆንልኝም።

አምና አብረሽው የምትኖሪው ሰውዬ ልጃችንን፣ ጩጬን፣ በጫማ መታት። የስምንት ዓመት ልጅ! አስተማሪዋ ጀርባዋን አይታ ጻፈች፤ እኔም ጽሑፉን ይዤ ፍቺያችንን ወዳየው ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማመልከቻዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ጠበቃ ቢያይልዎት አይሻልም?» አለችኝ።

«የኔ እህት፣» አልኳት፣ «ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ አራሚ ነኝ። የጠበቆቹን መጽሐፍ ራሱ የማርመው እኔ ነኝ።»

አዎ፣ እንደዚህ አልኩ። አፌን ሞልቼ። ሰውዬው «ልጅቷ በምትኖርበት ቤት እንዳያድር» ብዬ ጻፍኩ፤ ዳኛዋም ቃል በቃል ገልብጠው አጸደቁት። እኔ እኮ ሰው የሚያድርበት ቤት ቤቱ ነው ብዬ ነው። እሱም እንደ ማንኛችንም ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ መስሎኝ ነው። ያን ጊዜም እንደዚያው ነበር። ሦስት ሳምንት እናቱ ቤት አደረ፤ ከዚያ የዳቦ ቤት ሥራውን ወደ ሌሊት ፈረቃ አዛወረና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እያፏጨ ገባ። ጩጬ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው በስድስት ሰዓት ነው። አንቺ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው የምትወጪው አመሻሽ ላይ ነው። በመካከል ቤት ውስጥ ያለው ማን ነው? ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ ተኝቶ፣ አንዷ ትንፋሿን ውጣ።

ውጣ ያልኩት ለጽሑፉ ማማሪያ አይደለም። ለግማሽ ዓመት ዕረፍቷ ሳምንት እኔ ጋ በመጣች ማግስት፣ እሑድ ለት፣ ወጥ ቤት ቆሜ ዕቃ ሳጥብ ጩጬ ብርጭቆ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላሳይህ?»

ቧንቧውን ጥቂት ከፈተችና ጣቷን ሥሩ አደረገች። ውኃው በጣቷ ላይ እየተንሸራተተ ብርጭቆው ውስጥ ገባ።

«ድምፅ የለውም አይደል? ራሴ ነኝ ያገኘሁት።»

«ጎበዝ። ለምን ድምፅ አይኖረውም?»

«እሱ ተኝቷል እኮ!»

«እዚህ ማን ተኝቷል?»

ዙሪያዋን አየችና ሳቀች። «ማንም! ለምዶብኝ ነው።»

«ቢነቃስ?»

ቧንቧውን ዘጋች። «ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የምቆየው። ግን ብዙ አይጨልምም አባዬ፣ ቀዳዳ አለው።»

ሳህን እጄ ላይ ነበር፤ አጠብኩት፤ ደግሜ አጠብኩት።

ትናንት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ክሊኒክ ወሰድኳት። ግራ ክንዷ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ አራት ጥቋቁር ምልክት አለ። ሐኪሟ ስትጠይቃት «ወድቄ ነው» አለች። ሐኪሟም «እኔ አራት ጣት ያለው መሬት አላየሁም፣ ሚጣዬ» ብላ መጻፍ ጀመረች። የጻፈችው ከዚህ ጋር አለ። ሁለት የፊደል ስህተት አለበት፤ አላረምኩትም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የሰው ወረቀት እንዳለ ተውኩ።

ዛሬ ጠዋት ወደ መዝገብ ቤት ተመለስኩ። ያችው ሠራተኛ ናት።

«ጋሼ አራሚ! በደህና መጡ?»

መልእክቱን አሳየኋት። ትእዛዙን አውጥታ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና፣ «እንግዲህ ልክ ነዋ፤ ‹እንዳያድር› ያሉት እርስዎ ነዎት። ዳኛዋ የለመኑትን ነው የሰጡዎት» አለችኝ።

«እዚህ ላይ ማደር ማለት መኖር ማለት ነው! ማንም ሰው ይገባዋል!»

«ማንም ሰው አይደለም እኮ የሚያነበው ጋሼ። እሱ ነው የሚያነበው።»

ትእዛዙን ከእጇ ተቀብዬ ደግሜ አነበብኩት። ከኋላዬ ከተሰለፉት አንድ ሽማግሌ «ይፍጠኑልን እንጂ» አለ።

ትእዛዙን ለማሻሻል የሚሰጠው ቀጠሮ ከአርባ ቀን በኋላ ነው። እሑድ ካልመለስኳት ደግሞ ትእዛዝ የጣስኩት እኔ እሆናለሁ፤ ሰውዬው ፖሊስ ይዞ በሬ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ዳኛዋ ፊት እኔ ማን ነኝ? ይህን ስላት ሠራተኛዋ መነጽሯን አውልቃ፣ ቀስ ብላ፣ «እናትየዋ ከፈረሙበት ግን ቀጠሮ አያስፈልግም» አለችኝ። «ሁለታችሁ የተስማማችሁበትን ዓርብ እስከ አስር ሰዓት ካመጡልኝ፣ ዳኛዋ እዚያው ያጸድቁታል። ይኸኛውን ግን ጠበቃ ይየው፤ በፈጠረዎት።»

ጠበቃ አይቶታል። ሳቂ፤ መብትሽ ነው። አዲሱ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ቀንም ሆነ ሌሊት፣ ለአጭርም ሆነ ለረጅም ጊዜ፣ ተኝቶም ሆነ ነቅቶ፣ በአንድ ቤት እንዳይገኝ፣ ትምህርት ቤትም ሆነ መንገድ ላይ እንዳይቀርብ።» ተኝቶ ነቅቶ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጠበቃው አይበቃም ወይ አለኝ። አይበቃም አልኩት።

አሁን ወደ መልእክቱ ልመለስ። ከመዝገብ ቤት ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩት። በዚህኛው ጊዜ እንደ ተናደደ ሰው ሳይሆን እንደ አራሚ ነው። አራት ዓረፍተ ነገር፤ አራት አራት ነጥብ፤ እያንዳንዱ ቦታው ላይ። አንቺ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን አንድ አራት ነጥብ አስቀምጠሽ አታውቂም። ጽሑፍሽ እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥሎ ይመጣል፤ የት ልተንፍስ እያልኩ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ደግሞ «ልጅቷን» ይላል። አንቺ ልጅሽን አንድ ቀን «ልጅቷ» ብለሻት ታውቂያለሽ? የዳኛ ቃል ነው፤ የእኔም የማመልከቻ ቃል ነው። የአንቺ አይደለም። ሰዓቱስ? ሰኞ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ አንቺ ስልክ በማይገባበት ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪናሽ ላይ አጎንብሰሻል። ስልክሽ የት ነበር? እሱም እንደ ሰውዬው እቤት ይውላል ማለት ነው።

ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው ለእሱ ስመልስለት፣ ከእሱ ጋር ስሟገት፣ በእሱ ስናደድብሽ የኖርኩት? ባለፈው ጥቅምት «ጩጬ አንተን ማየት አትፈልግም» የሚለውስ ያንቺ ነበር? እኔ እኮ በዚያ ምክንያት አንድ ወር ሙሉ አልደወልኩም። ተኮራፍቼ! በሃምሳ ሦስት ዓመቴ!

ስለዚህ ይህን በስልክ አልጻፍኩልሽም። እህትሽ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዛው ትመጣለች፤ በምሳ ሰዓት የፋብሪካው በር ላይ በእጅሽ ታስረክብሻለች። እንድትወስድልኝ ስለምናት የማይሰለቸኝ ሰው እንደሆንኩ ነግራኛለች። «አንተ እኮ ድሮም ደረቅ ነህ» አለችኝ። «አሁን ግን ደረቅ ሰው ነው የሚያስፈልጋት።» ምን ለማለት እንደፈለገች ብጠይቃት «አንተ አራሚ አይደለህ እንዴ፣ አታነብም?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ቅዳሜ መናኸሪያው ውስጥ ጩጬን ስታስረክቢኝ፣ በዚያ ሙቀት እስከ አገጭሽ ሻርፕ ጠምጥመሽ ነበር። ሳልጠይቅሽ «ጉሮሮዬን ነው» አልሽ። እኔ ሰዓቴን አየሁና «ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይተሻል» አልኩሽ። ያልኩሽ እሱን ብቻ ነው። አንድን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ የሚያነብ ሰው አንቺን አንዴ አይቶ ቦርሳ ተቀብሎ ሄደ።

በቃ። ይቅርታ የምጠይቅበት ደብዳቤ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ረጅም ነው የሚሆነው፤ አሁን ጊዜ የለንም።

ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ከዚህ ጋር አለ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሚ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፤ እህትሽ ይዛለች። ጩጬን እሑድ ሳልመልሳት እኔ ጋ እንድትቆይ የሚለው ሁለተኛው አንቀጽ ነው። ከአንቺ ልነጥቃት አይደለም፤ ሦስተኛውን አንቀጽ አንብቢው፣ በፈለግሽ ቀን መጥተሽ ታያታለሽ፤ ቀን አልወሰንኩም፤ የጻፍኩት እኔ መሆኔን እስክትጠራጠሪ ድረስ ልል አንቀጽ ነው። ደህና ናት። ትበላለች። ትናንት በሩን ድው አድርጋ ዘጋችውና ደንግጣ አየችኝ፤ «ድገሚው» አልኳት። አምስት ጊዜ ደገመችው። ጎረቤታችን ግድግዳ ደበደበ፤ ይደብድብ።

አንድ ነገር ቀረ። አንደኛው አንቀጽ «ሰውዬው ከልጃችን እና» ይልና ባዶ ቦታ አለው። የማተሚያ ስህተት አይደለም። ጠበቃው «ይህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ተወው» አልኩት። የአንድ ሰው ስም ከነአባት የሚበቃ ርዝመት ነው፤ ለክቼዋለሁ። ስም ከጻፍሽበት ትእዛዙ ለዚያም ሰው ይሠራል፤ ጠበቃው አረጋግጦልኛል። ካልጻፍሽበት በአንድ መስመር ሰርዢውና ፈርሚ፤ ምንም አልልም፤ ለምን ብዬም አልጠይቅም።

ፈጣሪ በመንገድሽም በቤትሽም ይቅደምልሽ፤ ቀንም ሆነ ሌሊት።

መልስሽን በጽሑፍ፣ በራስሽ እጅ ጽሑፍ፣ ያለ አንድ አራት ነጥብ፣ ዓርብ የካቲት 12 ከቀኑ አስር ሰዓት በፊት እፈልጋለሁ።

የጩጬ አባት