መላሽ የሌለው ካሴት

ሰኞ

ሰውዬው አሁንም ዝም አለ። እየጠበቀ ነው። ሳላስበው «እሺ» አልኩት። ቀጠለ።

ካሴት ነው እንግዲህ። አንድ ቃል እንኳ በማልሰማው በበርታ ቋንቋ የተቀዳ። ለብቻዬ ቢሮ ቁጭ ብዬ ለቴፕ «እሺ» እላለሁ። እናቴ ብታየኝ ጠበል ትወስደኝ ነበር።

ሥራዬ ሆኖ ነው። ክልሉ አዲስ፣ ትምህርት ቢሮው አዲስ፣ የበሩ ቀለም እንኳ ገና አልደረቀም። ልጆች በየቋንቋቸው ተረት በራዲዮ ይስሙ ተባለና «ተረት የተቀዳበት ካሴት ያላችሁ አምጡ፣ ገልብጠን እንመልሳለን» ብለን አስነገርን። ከገበያ አንድ ካርቶን ሙሉ መጣ። ሰው ግን ተረት ብቻ አይደለም ያመጣው። ዛሬ የሰማሁት፦ በኦሮምኛ የሚሰብክ የባምባሲ ሰው፣ የሱዳን ዘፈን፣ የሰርግ እልልታ፣ የአህያ ሰኮና እንዴት እንደሚታከም የሚያስረዱ ሽማግሌ፣ በአንድ ፍየል ዋጋ የሚጨቃጨቁ ሁለት ሰዎች (ይህንን ደግሞ ማን ብሎ ቀዳው?)። ከደብረ ማርቆስ ስመደብ አሶሳ ምን ይዋላል ብዬ አልቅሼ ነበር። አሁን ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ስለ አህያ ሰኮና ማንም አይችለኝም።

መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ይሄን ሰውዬ ነው። ትንሽ ይናገራል፣ አንድ ቃል ይጠራል፣ ያቆማል። ካሴቱ አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ፣ በየቆመበት «እሺ» እያልኩ ጨረስኩት። ሲያልቅ ከክፍሉ ሰው ወጥቶ የሄደ መሰለኝ።

ማክሰኞ

ሐሚድን አስደመጥኩት። የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ በርታ ስለሆነ እኔ የማልሰማውን ይተረጉምልኛል። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀስ በቀስ ፈገግታው ጠፋ። ሳያልቅ አጠፋው።

ተረቱ ስለ አንድ አዳኝ ነው አለኝ። አዳኙ ወንዝ ይዞ ይሄዳል። ወንዙ በታጠፈ ቁጥር አንድ ጎጆ ያገኛል። ውስጡ እሳት ይነዳል፣ ሰው የለም። ካሴቱ የሚጀምረው ከመሃል ነው፤ አዳኙ የሦስተኛውን ጎጆ በር ሲከፍት።

«እኛ ጋ ተረት ያለ መላሽ አይነገርም» አለ ሐሚድ። «አንዱ ያወራል፣ አንዱ ‹አይዋ፣ አይዋ› ይላል። መላሹ ዝም ካለ ተራቹም ዝም ነው። ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው ያለው። ግን ይጠብቃል። ስም ይጠራል።»

«የማንን ስም?»

«ሐዋ ይላል።»

መላሽ የሌለው ተረት ለልጆች አይሆንም ብሎ ወደ ካርቶኑ መለሰው። ካርቶኑንም በእግሩ ገፋ አደረገው። ቀኑን ሙሉ ሁለታችንም ወደዚያ ጥግ አልሄድንም።

አሶሳ ውስጥ ስንት ሐዋ አለ? አከራዬም ሐዋ ናቸው።

ረቡዕ

ዝናብ። ከሥራ ስመለስ እማማ ሐዋ በረንዳው ላይ ማንጎ ይልጣሉ።

«ሙአሊማ፣ ና፣ ተቀመጥ» አሉኝ። መምህር ስለሆንኩ ሙአሊማ ነኝ፤ በእሳቸው አማርኛ ደግሞ ወንድ ነኝ። ለምጄዋለሁ።

ተናደዋል። ወንድማቸው አቶ ኢድሪስ ዓርብ ከስግደት በኋላ ይመጣሉ፤ የባላቸውን የሙሳን የሰደቃ ቀን ሊቆርጡ። ሙሳ መንግሥት ሲለወጥ በነበረው ግርግር ጊዜ ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ኩርሙክ እንደሄደ አልተመለሰም። ዘመድ ሁሉ ሞቷል ይላል። ሰደቃው ከወጣ አለቀ፣ እማማ ሐዋም መበለት ናቸው።

«እሱ አልሞተም» አሉ። «ሊሄድ ሲል ተረት ያወራኝ ነበር። እኔ አይዋ እለዋለሁ። ሰው መጣ፣ ጠራው፣ ሄደ። ተረት አላለቀም። ተረት ሳያልቅ ሰው እንዴት ይሞታል?»

መጠየቅ አልፈለግኩም። ጠየቅኩ። ተረቱ የት ላይ ቆመ?

«በር ላይ። አዳኝ ሦስተኛ ቤት መጣ፣ በር ላይ ቆመ። እስከ ዛሬ ቆሟል።»

ብርዱን አሳብቤ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ሐሙስ

ካሴቱን ያመጣውን ነጋዴ ገበያ ሄጄ አገኘሁት። ማን ሰጠህ? «ከኩርሙክ በኩል፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የመጣው» አለ። መቼ? አያውቅም።

ስለዚህ እኔም ምንም አላውቅም። ሙሳ ካሴቱን ሲቀዳ በሕይወት ነበር፣ ይኸው ነው።

ለእማማ ሐዋ ብሰጣቸው ተረቱ ያልቃል። ተረቱ ካለቀ፣ በእሳቸው አነጋገር፣ ሰውየውም ያልቃል። ባልሰጣቸው ደግሞ ነገ የሰደቃው ቀን ይቆረጣል፣ ድምፁም ቢሮዬ ጥግ ሆኖ ሲጠራቸው ይኖራል። እኔስ እዚያ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው?

ፈርቻለሁ። ካሴቱን በቦርሳዬ ይዤ ስመጣ መንገዱን ሁሉ የሚተነፍስ ነገር የያዝኩ መሰለኝ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ።

ዓርብ

አሰማኋቸው።

አቶ ኢድሪስ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ካሴቱ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደማላውቅ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቴፑን መሃላችን አስቀምጬ ከፈትኩት።

«ሐዋ» አለ ሙሳ። ዝም አለ።

«አይዋ» አሉ እማማ ሐዋ። አልደነገጡም። ከጓሮ እንደተጠራ ሰው ነው የመለሱለት።

ቀጠለ። ሲያቆም መለሱ፣ መልሰው ሲጨርሱ ቀጠለ። አንድም ቦታ አልተጋጩም። እኔ ቢሮ «እሺ» ስል አንዳንዴ እቀድመው፣ አንዳንዴ እዘገይ ነበር። ለእሳቸው ግን ዝምታው በልካቸው የተሰፋ ነው። አንድ ቦታ ላይ ረዘም ያለ ነገር ተናግረው ሳቁ። ሙሳ ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። የአቶ ኢድሪስ መቁጠሪያ ቆመ።

አዳኙ ጎጆው ውስጥ ማንንም አላገኘም አሉኝ አቶ ኢድሪስ በሹክሹክታ። እሳቱ አጠገብ ግን የራሱን ጫማ አገኘ፣ እንዲደርቅ ተቀምጦ።

በመጨረሻ ሙሳ አንድ አጭር ነገር ጠየቀ። እማማ ሐዋ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት።

«ተራች ሲጨርስ ‹ልሂድ?› ይላል» አሉኝ አቶ ኢድሪስ። «መላሽ ‹እሺ፣ ሂድ› ይለዋል። ያኔ አለቀ።»

ካሴቱ ይሽከረከራል። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ። አቶ ኢድሪስ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏቸው፤ መልሺለት ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። እማማ ሐዋ እኔም እንድሰማ መሰለኝ በአማርኛ መለሱ።

«አልልም። ይጠብቅ።»

ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ሰደቃውን ማንም አላነሣውም። አቶ ኢድሪስ እህታቸውን ትከሻቸው ላይ ነካ አድርገው፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

ቅዳሜ

ቀለል ብሎኝ ተነሣሁ። ፀሐይ ስለወጣ ልብስ አጠብኩ። ሳሰጣ ነው ትዝ ያለኝ።

ሰኞ። ቢሮ። እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። በየቆመበት «እሺ» ብዬዋለሁ። «ልሂድ?» ሲለኝም።

እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ቆምኩ። ያን ቀን ከክፍሉ ሰው ወጥቶ የሄደ የመሰለኝ ነገር መጣብኝ።

ልደብቃቸው አሰብኩ፣ አልቻልኩም። ሄጄ ነገርኳቸው። «እማማ፣ ሳላውቅ እኔ እሺ ብዬዋለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «በምን ቋንቋ?»

«በአማርኛ።»

ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሙሳ አማርኛ አያውቅም» አሉ። ማንጎ ላጡልኝ፣ እኔም እየሳቅኩ በላሁ። ከሰኞ ወዲህ እህል የጣመኝ ዛሬ ነው።

ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ስገባ፣ ለራሳቸው ይመስለኛል፣ ከኋላዬ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ትንሽ ትንሽ ነው የሚያውቅ።»