የቢኒያም ካምቢዮ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ አዳማ

ከጠዋት እስከ ምሳ የሸጥኩት አንድ የዘይት ማጣሪያና ሁለት ካንዴላ ብቻ ነው። ወጣቱ ደንበኛዬ ቢኒያም "የስፖርት መኪናዬን ካምቢዮ የበላው ከእትዬ ሙሉ ሱቅ የገዛሁት አጭር የማርሽ መቀየሪያ ዘንግ ነው" ብሎ ለሹፌሩ ሁሉ ስላወራ፣ ደንበኞቼ ሱቄን አልፈው ጎረቤት ይገባሉ።

ካምቢዮውን ፈትተው በአዲስ የለወጡለት መካኒክ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"ዘንጉ ሲያጥር እጅ ይቸኩላል እንጂ በራሱ ካምቢዮ አይበላም" አሉኝ። "ይሄ ልጅ ማርሽ ሲቀይር ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው አይረግጥም። ከሦስት ወደ ሁለት በጉልበት ነው የሚከተው። ያለቀውም የሁለተኛው ማርሽ ቀለበት ብቻ ነው።"

ዘንጉን ስሸጥለት "ፍሪሲዮኑን በደንብ ረግጠህ፣ ቀስ ብለህ አስገባ" ብዬው ነበር። "እትዬ፣ እርስዎ ይሽጡ፣ መንዳቱን ለእኔ ይተዉት" ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ።

ከሰዓት ጓደኞቹን አስከትሎ ሊጣላኝ መጣ። አልተጣላሁም። ፈትቶ ያመጣውን አጭር ዘንግ ተቀብዬ፣ ያኔ ሲገዛ እኔ ጋ ትቶት የሄደውን የመኪናውን ረጅም ዘንግ መለስኩለት።

"አያችሁ፣ እትዬ አመኑ!" አለ።

አጭሩን ዘንግ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። አዲሱንም ካምቢዮ ያው እጁ ይበላዋል፤ ያን ጊዜ የሚያሳብብበት አጭር ዘንግ አይኖርም። ስሜን ያጠፋው እሱ ነው፣ እሱው በገዛ መኪናው ይመስክርልኝ።

ማታ ይህን ሳጫውታቸው ኦቦ ገመቹ "ልጅ ነው፣ ጥፋቱን ንገሪው እንጂ" አሉኝ። አንዴ ነግሬዋለሁ።

ነገ ጠዋት ሻሸመኔ ላለው ዕቃ አቅራቢ ደውዬ ለዚያች መኪና የሁለተኛ ማርሽ ቀለበት አዝዛለሁ።